ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና

ሊከሱኝ የተነሱት ሰው ፍርድ ቤት የወሰዱኝ በራሳቸው መኪና ነው። ጠዋት አፓርትመንታችን በር ላይ ቆመው ክላክስ አደረጉ፤ እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወርጄ ከፊት ተቀመጥኩ፤ «ቀበቶ» አሉኝ፣ አሰርኩ። ድሮ በአገራችን የተካሰሱ ሰዎች የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ነበር አሉ ወደ ዳኛ የሚሄዱት። አንዱን ውሃ ቢጠማው ሌላውም አብሮት ምንጭ ይወርዳል። እኔንና ጋሼን ያቆራኘን ግን ነጠላ አልነበረም። እሳቸው መኪና አላቸው፣ እንግሊዝኛ የላቸውም፤ እኔ እንግሊዝኛ አለኝ፣ መንዳት እፈራለሁ። ስለዚህ ከሳሽ ሾፌር፣ ተከሳሽ አስተርጓሚ ሆነን ወደ ዳውንታውን ወረድን።

ልጄ ነገሩን ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ ነበር። «ማም፣ ዩ ካንት ትራንስሌት ፎር ዘ ጋይ ሁ ኢዝ ሱዊንግ ዩ!» አለችኝ፤ ለሚከስሽ ሰው ማስተርጎም አትችዪም ማለቷ ነው።

«ታዲያ ማን ያስተርጉምላቸው? አንቺ ትሄጃለሽ?»

«አይ ሃቭ ክላስ» ብላ በሯን ዘጋች። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ግን ለጋሼ እንግሊዝኛ አይሆናቸውም።

ጋሼ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ዲቪ ደርሷቸው አብረው ነው የመጡት። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ እሳቸው አዲስ አበቤ ናቸው፤ የተዋወቅነው እዚህ ኦሃዮ፣ ሪከንባከር የሚባል ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሁለታችንም የከሰዓቱ ሽፍት ላይ ነን፤ እስከ ዛሬ የምሄደውም የምመለሰውም በሳቸው መኪና ነው። አዲስ አበባ ሳሉ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ዳኛ ነበሩ። የአጥር ጠብ፣ የስድብ ክስ፣ የጣሪያ ፍሳሽ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ ይህን ሁሉ ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ዌርሃውስ ውስጥ ልጆቹ «ፓፓ» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ዳኝነቱን ከላያቸው አላወለቁም። ካርቶን ተቀዶ ሲመጣ «ኤግዚቢቱ ተጎድቷል» ይላሉ። እረፍት ሰዓት ላይ ሁለት ልጆች በማይክሮዌቭ ተራ ከተጣሉ መሃላቸው ገብተው «መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህን ጉዳይ ለማየት ሥልጣን ያለው ማነው? ነው» ይሏቸዋል። ልጆቹም ምግባቸው ሳይሞቅ ይበላሉ።

ጠባችን የተነሳው ከሰፈራችን ምክር ቤት ነው። ዋይትሆል ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው የኛ ሰፈር በወር አንዴ፣ እኛ ሥራ በማንገባበት ምሽት የሚሰበሰብ ትንሽ ምክር ቤት አለው። ሕግ አያወጣም፤ ለከተማው ምክር ይሰጣል፣ ከተማውም ከፈለገ ይሰማል። ከወንበሮቹ አብዛኞቹን ነዋሪው ይመርጣል፤ ጥቂቱን ግን ምክር ቤቱ ስብሰባ ከመጣው ሰው ጋር አጭቶ ለከተማው ይልክና ከተማው ሲያጸድቀው ሹመት ይሆናል። እኔ እዚያ መሄድ የጀመርኩት በአንድ አምፖል ምክንያት ነው። የግቢያችን መግቢያ ላይ ያለው የመንገድ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሄጄ ተናገርኩ፣ «እናየዋለን» አሉኝ። በወሩ ሄጄ «አያችሁት?» አልኳቸው። በሌላው ወርም ሄድኩ። ወሎዬ አንዴ ከያዘ አይለቅም። መብራቱ ሲበራ እነሱም እኔን ለምደውኝ ነበር፤ እኔም ኩኪሳቸውን ለምጄ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ያደርሱኝና መኪና ውስጥ ይጠብቁኝ ነበር። ክረምት ሲመጣ ብርዱ አስገባቸው። አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ ግን መቅረት የለም። ሰብሳቢዋ መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ ስትመታ ፊታቸው ይፈካል። በሚቀጥለው ወር ኮት ለብሰው መጡ፤ በሚቀጥለው ክራቫት አሰሩ። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ሥርዓቱ ይገባቸዋል፤ «አሁን አጀንዳ እያጸደቁ ነው» ብለው ለእኔ ያስረዱኛል፤ እውነትም እያጸደቁ ነው።

እናም አንድ ምሽት አንድ የሹመት ወንበር ክፍት ሆነ። ከአባላቱ አንዷ ተነስታ እኔን ጠቆመችኝ። ስሜ ሲጠራ ልቤ ዘለለ፤ ለምን እዋሻለሁ? ዌርሃውስ ውስጥ ስካን አድርጊ፣ ፓሌቱን ጠቅልይ ከመባል በቀር ምን ታስቢያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወንበሩን ፈለግኩት። በጣም ነው የፈለግኩት። ደንዝዤ ስቀመጥ ሰብሳቢዋ አዳራሹን ቃኝታ «ዱ አይ ሃቭ ኤ ሰከንድ?» አለች።

እዚህ ላይ የአገሬው ሥርዓት ይህ ነው፤ አንድ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላ ሰው «ሰከንድ» ብሎ ካልደገፈው ሐሳቡ እዚያው ወድቆ ይቀራል። ጋሼ ይህን ከየት ያውቃሉ? እሳቸው የሚያውቁት ሰከንድ ሁለተኛ ማለት መሆኑን ነው። አንደኛ እጩ እኔ ተጠቆምኩ፤ አሁን ሁለተኛ እጩ እየተጠየቀ ነው። በየትኛውም የቀበሌ ስብሰባ እንደዚህ ነው፤ ሁለት ሰው ይጠቆማል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። ማንም እጁን አላነሳም። ጋሼ ብድግ አሉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱና «ሰከንድ! ሚ!» አሉ።

ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ «ታንክ ዩ፣ ሰር» አለች። «ኦል ኢን ፌቨር?» የሚደግፉ ሰዎች እጆች ተነሱ፤ ጋሼም አነሱ፤ የማንን ስም ደግፈው እንዳነሱት ያኔ እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር። አለቀ። መኪና ውስጥ በደስታ ተሞልተው «ሁለታችንም አለፍን ማለት ነው፤ እንግዲህ ከተማው አንዳችንን ይመርጣል» ሲሉኝ እኔ በራሴ ደስታ ሰክሬ ስለነበር በደንብ አልሰማኋቸውም።

ነገሩ የፈነዳው በሚቀጥለው ወር ነው። ጸሐፊዋ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስታነብ የእኔን ስም አነበበች፤ ቀጥላም ጥቆማውን የደገፉት እያለች የጋሼን ስም። ተርጉሚልኝ አሉኝ፤ ተረጎምኩ። እንደገና ተርጉሚልኝ አሉኝ። እንደገና ተረጎምኩ። ከዚያ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ «በሕግ አምላክ!» አሉ።

ሰብሳቢዋ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች፤ የሚጸልዩ መስሏታል። «ሂ ኦብጄክትስ» አልኳት፣ ይቃወማሉ ለማለት። በሕግ አምላክን ከዚህ በላይ ማሳጠር አልቻልኩም። ከዚያ ያሉትን ሁሉ ተረጎምኩ፤ እሳቸው ደጋፊ ሳይሆኑ ሁለተኛ እጩ መሆናቸውን፣ ምርጫው በስህተት ላይ የቆመ መሆኑን፣ ስለዚህም የእኔ እጩነት ፈራሽ መሆኑን። የራሴን መፍረስ በራሴ አፍ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ አስረዳሁ። ሰብሳቢዋ በትሕትና ሰምታ፣ ስሜ አስቀድሞ ወደ ከተማው እንደተላከ ነገረቻቸው፤ ቅሬታ ካላቸው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ አለች።

«የትኛው ፍርድ ቤት?» አሉ ጋሼ።

ሰብሳቢዋ ጸሐፊዋን አየች። ጸሐፊዋ ጣሪያውን አየች። በአዳራሹ ውስጥ አንድም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔ ነው የጋሼ ዓይን የበራው። እድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሰው የጠየቁት ጥያቄ እነሆ ለራሳቸው መጣ።

ለሳምንታት መኪናው ውስጥ አልተነጋገርንም። ሥራ እንሄዳለን፣ ከሥራ እንመለሳለን፤ የሚናገረው ጂፒኤስ ብቻ ነበር። ተናድጄባቸው ነበር። እኔ ስንት ወር ለአንድ አምፖል ስመላለስ እሳቸው መኪና ውስጥ እግራቸውን ሲያሞቁ አልነበር? አሁን ወንበር ሲመጣ ሁለተኛ ነኝ? በሆዴ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እዚህ የሚበላው ኩኪስ ብቻ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል፤ ሳቄን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። አንድ ቀን እሳቸው ዝምታውን ሰበሩ። «ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፤ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል» አሉ፣ መንገዱን እያዩ።

«እኔ ተከሳሿ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እንግዲህ ከመጥሪያ ድነሻል።»

ያ ማክሰኞ ነው ከላይ የነገርኳችሁ። መጀመሪያ የገባነው የከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ በር ላይ ያለውን መፈተሻ የጋሼ ቀበቶ ዘለበት አስጮኸው፣ አወለቁ፤ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በሌላው ክብራቸውን ይዘው አለፉ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ የምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቀችን።

«የወንበር ጉዳይ ነው በያት» አሉ ጋሼ።

«ኢትስ አባውት ኤ ቼር» አልኳት። ሲያደናግረኝ እንጂ ለሹመት ወንበር ሲት ማለት ነበረብኝ፤ ቼር ቁጭ የሚሉበት ዕቃ ነው።

ሴትዮዋ አዘነችልን። ወንበሩ ተሰብሮ ነው? ሱቁ አልመልስም ብሎ ነው? ዋጋው ስንት ነው? ለትንንሽ የገንዘብ ክርክር የሚሆን መስኮት አለ፤ ወደዚያ ልትልከን ነው። የተሰበረ ወንበር ሳይሆን ገና ያልተቀመጥኩበት ወንበር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ ገባት፤ እዚህ የሚታየው የትራፊክ፣ የቤት ማስለቀቅና የገንዘብ ነገር ነው፣ ሹመት አይታይም አለችና የሕግ ምክር በነጻ ወደሚሰጥበት ክፍል ላከችን።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ጠበቃ ተቀምጣለች። ልጄን የምታህል ናት፤ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠችን፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችን። ከሳሹ ማነው? እሳቸው። ተከሳሿስ? እኔ። አስተርጓሚዋስ? እኔ። ሳቋን በሳል አሳልፋ ማስረዳት ጀመረች።

በኦሃዮ አንድ ሰው የሹመት ወንበር ላይ ያለአግባብ ተቀምጧል የሚል ክስ በከተማው ፍርድ ቤት አይታይም። ከሱ ከፍ ባለው የካውንቲው፣ የአውራጃው እንደማለት ነው፣ ፍርድ ቤትም አይታይም። የሚታየው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወይም ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ዘንድ ብቻ ነው፤ ነገሩ የሚጀመረውም እዚያው ነው።

ይህን ስተረጉም ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሳልረታ ይግባኝ?» አሉ። «የበታች ዳኛ ሳይፈርድብኝ? ይግባኝ እኮ ለተሸነፈ ሰው ነው! እስቲ በደንብ ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። አዎ፣ እዚያ ነው የሚጀመረው አለች። ጋሼ ቁጭ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ አገር ቤቱን ከጣሪያው ነው የሚሠራው» አሉ። ይህን አልተረጎምኩትም።

ክሱ የላቲን ስም አለው፤ ኩዎ ዋራንቶ ይባላል። «ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ጠበቃዋ በምን ሥልጣን ተቀመጥክ ብሎ መጠየቅ ነው አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና «ጋሼ፣ ማን ሾመሽ? ማለት ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እናቴ በሰው ጓዳ ገብቼ ሳዝ ማን ሾመሽ ትለኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ጊዜ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት እየቀረብኩ ነበር ለካ። ጠበቃዋ ምን እንዳሳቀን ስትጠይቀኝ ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለት ነገር ጨመረችልን። አንደኛ፣ የሰፈር ምክር ቤት ምክር ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ ወንበሩ ለዚህ ክስ የሚበቃ ሹመት መሆኑንም እርግጠኛ አይደለችም። ሁለተኛ፣ እኔ ገና እጩ ነኝ፤ ያልተቀመጠን ሰው ተነሺ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ከተማው አጽድቆኝ ስቀመጥ ያን ጊዜ ይምጡ አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ ጋሼ ለሹመቴ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። «አላጸደቁሽም? እስቲ ኮል አድርጊላቸው» ይሉኛል መኪና ውስጥ በየቀኑ። «ቶሎ ተቀመጪ እንጂ፣ ክሴን ታጓትቻለሽ!» የሹመት ማጽደቂያው ሲመጣ መጀመሪያ የነገርኩት ለሳቸው ነው፤ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ለመጀመሪያው ስብሰባ እኔን ለማድረስ መኪናቸውን አሳጠቡ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ከኋላ ሆነው አንገታቸውን አስግገው አዩኝ፤ መቀመጤን እያረጋገጡ ነው። እኔ ግን የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ይህን ወንበር ይወስዱብኝ ይሆን? ማይክሮፎኑን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ስለ አውቶቡስ ፌርማታ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ መልሱን ለእኔ ሰጠ። ያን ማታ ጋሼን ከልቤ ፈራኋቸው።

በነጋታው ጠዋት ክላክስ አደረጉ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያለበት ፎቅ ጸጥ ያለ ነው፤ የጫማችን ድምፅ እንኳ አሳፈረን። ጋሼ የስብሰባ ኮታቸውን ለብሰዋል። መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ፀሐፊ ነበሩ። የሕግ ምክር መስጠት እንደማይችሉ አስቀድመው ነገሩን፤ ክሱን ለማስገባት የሚያስፈልገውን ብቻ ይነግሩናል። ከሳሹ ግለሰብ ከሆነ አሉ፣ ወንበሩ በሕግ የራሱ እንደሆነ በመሐላ ማረጋገጥ አለበት። ሌላዋ አይገባትም ማለት ብቻ አይበቃም። የኔ ነው ማለት አለበት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጠይቂያቸው፤ ወንበሩ የኔ ነው ብለው ይምላሉ?» አሉኝ።

ጉዳዩ ሁሉ አፌ ላይ መጥቶ ቆመ። ጥቂት ባጣምመው፣ ዛሬ አይቻልም ብላቸው፣ ሌላ ቀን ኑ ተብለናል ብላቸው ማን ያውቅብኛል? አማርኛ የሚሰማ በዚያ ፎቅ አልነበረም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በበረዶ ያመላለሰኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልዋሸው? ወላሂ አላደረግኩትም። ቃል በቃል ነገርኳቸው። «መሐላ ነው፣ ጋሼ» ብዬም ጨመርኩ።

«መሐላ?»

«አዎ።»

ሁለት እጃቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኖሩ። ስንት ሰው አስምለው የኖሩ እጆች ናቸው።

«አይ፤ አልምልም» አሉ ጋሼ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ወንበሩስ የእሷ ነው በያቸው። ሳላውቀውም ቢሆን እጄን አንስቻለሁ፤ አውቄ ቢሆንም አነሳ ነበር። እኔ ወንበሩን ብዬ አይደለም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የጀመርኩትን ነገር እስክጨርስ የሰማኝ ሰው የለም። ፓፓ ይሉኝና ይሄዳሉ። ዳኛ ፊት ብቆም፣ ዳኛ ግዴታው ነውና ይሰማኛል ብዬ ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ዘ ሲት ኢዝ ኸርስ» አልኩ።

«ኸርስ?» አሉ ፀሐፊው። «የማን?»

«የኔ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተራ በተራ አዩን። «እሺ» አሉ። «ግን ከዚያ የበለጠ ተናግረዋል። የቀረውስ ምንድነው?»

አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለኝ። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። አፍሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ መኪና ስንሄድ፣ እኔም ራሴ ገና ሲጀምሩ እሺ ጋሼ እሺ ብዬ ወደ ስልኬ የማጎነብስ ሴት ነኝ። ፀሐፊውን ይቅርታ ጠይቄ የጋሼን ክንድ ያዝኩና ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወሰድኳቸው።

«ሽፍት ይደርስብናል» አሉኝ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ይድረስ» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

አጠገቤ እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቅኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ባለጉዳይ ቆሞ ነው የሚናገረው አሉ። ፊት ለፊቴ ቆመው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግራና ቀኝ አዩ። «እኔ አመልካቹ…» ብለው ጀመሩና ድምፃቸው ተሰበረ፤ መሬት መሬት ማየት ያዙ።

«ይቀጥሉ» አልኳቸው።